ክብደቱ በየት ይወርዳል?

በደቡብ ጀርመን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ኡልም የምትባል ከተማ አለች። አልበርት አንስታይን የተወለደው እዚያ ነው፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ግን አስቀድሞ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኗ ማማ ነው። ቁመቱ 161.53 ሜትር ይደርሳል። ከ1890 እስከ 2025 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ በቁመት ከእርሱ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ጎብኚው ቀና ብሎ ይደነቃል። ድንጋይ ጠራቢ ግን ከመደነቁ በፊት ይጠይቃል፦ ይህ ሁሉ ክብደት በየት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል?

ድንጋይ መጥረብ የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በኮብልስቶን ሥራ ነው። ዛሬ የምኖረው ጀርመን አገር ነው፤ እንጀራዬም የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገና ነው። በሙያችን ውስጥ አንድ የቆየ አድልዎ አለ፦ የጀመረ ይወደሳል፣ የፈጸመ ይመረቃል፣ በመካከል ገብቶ ያዳነ ግን ስሙ አይነሳም። የኡልም ታሪክ ይህን አድልዎ ያርማል፤ ለዚህም ነው ለወጣት ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግራቸው።

የነገሩ መነሻ ጦርነት ነው። የከተማዋ አሮጌ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጭ ነበር። በ1376 ንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ኡልምን ሲከብ ሕዝቡ ቅጥር ውስጥ ተዘጋበት፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከበሩ ማዶ ቀረ። በዓመቱ፣ ጁን 30 ቀን 1377፣ ከንቲባው ሉድቪግ ክራፍት የአዲሱን የመሠረት ድንጋይ ከቅጥሩ ውስጥ አኖሩ። ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የነበሩ የተቀረጹ ድንጋዮችም ተነቅለው መጡና አዲሶቹ በሮች ላይ ገቡ። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ነዋሪ 10,000 ገደማ ነበር፤ የታሰበው ሕንፃ ግን 20,000 ሰው የሚይዝ ነበር። ጳጳስ አላዘዘውም፤ ንጉሥም አልከፈለበትም። ወጪውን የቻሉት በጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ተራው ምእመን ናቸው። ግዝፈቱን አይተው ብዙዎች ካቴድራል ይሉታል፤ እሱ ግን የጳጳስ መንበር ሆኖ አያውቅም። አጥቢያ ሆኖ ተሠራ፣ ዛሬም አጥቢያ ነው።

ይህን የመሰለ የጎቲክ ሕንፃ ለሚያየው ሰው ወደ ላይ የሚበር ይመስላል፤ ለሚሠራው ሰው ግን ሐሳቡ ሁሉ ወደ ታች ነው። የድንጋይ ቅስት ሸክሙን ወደ ታች እያወረደ ወደ ጎንም ይገፋል፤ ሁለት ሰዎች ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው ሲቆሙ እግራቸው ወደ ኋላ ሊሸሽ እንደሚፈልግ ማለት ነው። ሹል ቅስት ከክብ ቅስት ያነሰ ይገፋል፤ በዚያ ላይ ስፋታቸው የተለያየ ክፍሎችን በእኩል ቁመት ለመሸፈን ይመቻል። ጣሪያው ሲሠራ መጀመሪያ በእንጨት ቅርጽ ላይ የድንጋይ ጎድኖች ይደረደራሉ። አናታቸው በቁልፍ ድንጋይ ከተያያዘ በኋላ በመካከላቸው የቀረው ክፍት ቦታ በቀጭን ግንብ ይሞላል። ክብደቱ በጎድኖቹ በኩል ተሰብስቦ ዓምድ ራስ ላይ ያርፋል፤ የጎን ግፊቱን ደግሞ ከውጭ የቆመ ወፍራም የድጋፍ ግንብ ይቀበለዋል። ግድግዳው ከሸክም ስለተገላገለ በሰፊው ተከፍቶ መስኮት ይሆናል። ምእመኑ የሚወደው ባለቀለም ብርሃን የተገኘው ከዚህ የሸክም ክፍፍል ነው። ከተቀባዮቹ አንዱ አቅም ሲያንሰው ድንጋዩ በስንጥቅ ይናገራል።

ኡልም ላይ ሥራውን የጀመሩት የፓርለር ቤተሰብ ሊቃውንት ናቸው። በ1392 የተተካው ኡልሪሽ ፎን ኤንዚንገን ግን ሐሳቡ ከእነርሱ በጣም የራቀ ነበር፤ መካከለኛውን አዳራሽ ከፍ አደረገው፣ በምዕራብ በኩልም ተወዳዳሪ የሌለው ማማ አሰበ። ቤተ ክርስቲያኑ ሥራው ሳያልቅ በ1405 ተባርኮ አገልግሎት ጀመረ። ከኡልሪሽ በኋላ አማቹ ሐንስ ኩን፣ ቆይቶም ልጁ ማቴዎስ፣ ከዚያም የልጅ ልጁ ሞሪትስ ተተካኩበት። 41 ሜትር ከፍታ ያለውን የመካከለኛውን አዳራሽ ቅስት ጣሪያ በ1471 የዘጋው ይህ የልጅ ልጅ ነው። እርሱን የተካው ማቴዎስ ቦብሊንገር የማማውን ንድፍ በራሱ እጅ አሻሽሎ ማማውን ወደ ላይ ይዞት ወጣ።

መሠረቱ ግን ያንን ክብደት አልቻለውም። በ1490ዎቹ መጀመሪያ፣ ሕዝቡ ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ፣ ከማማው ሥር ካለው ጣሪያ ድንጋዮች ወደቁ። ፍርሃቱ ከተማዋን ናጣት፤ ቦብሊንገርም ኡልምን ጥሎ ሄደ። እዚህ ላይ ነው እኔ እጅግ የማከብረው ሰው የሚመጣው፦ ቡርክሃርድ ኤንገልበርግ፣ የአውግስቡርግ ሊቀ ግንበኛ።

ኤንገልበርግ የተሰጠው ሥራ ለዓይን የሚማርክ አልነበረም። ሊፈርስ የሚያስፈራ ማማ ሥር ገብቶ መሠረቱን ማጠናከር ነበረበት። ይህን ሥራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቆመ ሕንፃ በታች የሚቆፈረው በትንሽ በትንሹ ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ተገንብቶ ሳይጠነክር ሌላው አይከፈትም፤ ሰው ድፍረቱን ከትዕግሥቱ ጋር እኩል መያዝ አለበት። ከመሠረቱ በላይ ደግሞ በማማው ግራና ቀኝ ይከፈቱ የነበሩትን ትልልቅ ቅስቶች በግንብ ደፈናቸው። ቀጥሎ ወደ ጎን ክፍሎቹ ዞረ። እነዚህ ክፍሎች እያንዳንዳቸው የመካከለኛውን አዳራሽ ያህል ሰፊ ስለነበሩ ጣሪያቸው ግድግዳውን በኃይል ይገፋ ነበር። ኤንገልበርግ በያንዳንዱ ክፍል መካከል ቀጫጭን ክብ ዓምዶች ተክሎ ስፋቱን ለሁለት ከፈለው፤ ሰፊውን ጣሪያም በጠባብና ኮከብ በመሰሉ ቅስቶች ተካው። ስፋት ሲያንስ ግፊትም ያንሳል። ባለሦስት ክፍሉ ቤተ ክርስቲያን ባለአምስት ክፍል ሆነ።

ዛሬ ጎብኚዎች ከሁሉ አብልጠው ፎቶ ከሚያነሷቸው ነገሮች መካከል እነዚያ ቀጫጭን ዓምዶች ይገኙበታል። ለጌጥ የተተከሉ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ጥገና ከሥነ ውበት በታች ነው ለሚለኝ ሰው ሁሉ የማሳየው እነርሱን ነው። አንድ ባለሙያ ችግሩን እስከ ሥሩ ተረድቶ ሲመልስ መልሱ ራሱ ያምራል። ውበቱ ከላይ የተጨመረ ነገር የለበትም፤ ሸክሙ ከሚሄድበት መንገድ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የእምነት ለውጥ መጣ። በ1530 የኡልም ዜጎች በድምፅ ብልጫ የፕሮቴስታንት ተሐድሶውን ወገን መረጡ፤ በማግስቱ ዓመት መሠዊያዎቹና ሥዕሎቹ ወጡ። ዮርግ ዚርሊን ከ1469 እስከ 1474 የቀረጻቸው የመዘምራን ወንበሮች ግን ተርፈዋል። በ1543 ሥራው ጨርሶ ቆመ። ማማው በዚያን ጊዜ 100 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሦስት መቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜም እንደ ጉቶ ቆመ። በ1844 ሥራው እንደገና ሲጀመር በፌርዲናንድ ትሬን የተመሩት ግንበኞች ወደ ማማው ጫፍ አልተጣደፉም። ቀድመው የመካከለኛውን አዳራሽ ግፊት የሚቀበሉ፣ ከጎን ክፍሎቹ ጣሪያ በላይ በአየር ላይ የሚዘረጉ የድጋፍ ቅስቶችን ሠሩ። ማማው በአውግስት ባየር መሪነት ሜይ 31 ቀን 1890 ተፈጸመ፤ መነሻውም ያ ከተማዋን ጥሎ የሄደው ቦብሊንገር የተወው ንድፍ ነበር። ቁመት የመጣው ከድጋፍ በኋላ ነው። ኤንገልበርግ ከመሬት በታች የሠራው ባይኖር የሚጫንበት ነገር አይኖርም ነበር።

ዲሴምበር 17 ቀን 1944 በአየር ድብደባ አብዛኛው የኡልም አሮጌ ከተማ ሲወድም ቤተ ክርስቲያኑ መጠነኛ ጉዳት ብቻ ደርሶበት ቆሞ ቀረ። ዛሬም ከአጠገቡ የግንበኞች ወርክሾፕ አለ። በአውሮፓ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥር የሚገኙት የእነዚህ ወርክሾፖች አሠራር በ2020 በዩኔስኮ የመልካም ጥበቃ ልምዶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሥራቸው ከትውልድ ትውልድ አይቋረጥም፤ አሸዋ ድንጋይን ዝናብ፣ ውርጭና የከተማ ጭስ ይበሉታልና። አንዱን ወገን ጠግነው ሲጨርሱ ሌላው ወገን ይጠራል።

ይህን ሥራ ለመማር የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ መሮ ማንሳት ይፈልጋል። እኔ ቀድሜ የማስተምረው መስማት ነው። ድንጋዩን በትንሽ መዶሻ መታ ታደርገዋለህ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተፈረፈረው ይታፈናል። ቀጥሎ ንብርብሩን ታያለህ፤ ድንጋይ በተፈጥሮው በተኛበት አኳኋን ሲገነባ ይቆያል፣ ንብርብሩ ቆሞ ወደ ውጭ ከዞረ ግን ልጣጩ እየተላጠ ይወድቃል። ከዚያ የሚያያይዘውን ትመርጣለህ። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ይፈጥናልም፤ ግን እርጥበትን ያግታል፣ ጨዉንም ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል፣ በመጨረሻም የሚሰበረው ድንጋዩ ይሆናል። ኖራ ከድንጋዩ ይለሰልሳል፤ መጎዳት ካለ የሚጎዳው እሱ ነው፣ እሱን መተካት ደግሞ ቀላል ነው። የምናደርገውን ሁሉ በሥዕልና በፎቶ መዝግበን እናስቀምጣለን፦ የትኛው ድንጋይ እንደወጣ፣ በምን እንደተተካ፣ ለምን እንደተተካ።

ይህ መዝገብ ለእኔ ከጽሕፈት ሥራ በላይ ነው። እኔ ያስገባሁት ድንጋይም አንድ ቀን ያረጃል፤ የሚያወጣው ሰው ምናልባት ገና አልተወለደም። ኤንገልበርግ የሌላ ሰው ስህተት ተሸክሞ ለማያውቃቸው ሰዎች ማማ አቆየላቸው። ከሙያችን የምንጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ከእኛ በፊት የሠራውን ሳናዋርድ ማረም፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጣውም ሥራችንን ያለ ጉዳት የሚፈታበትን መንገድ መተው።