ሶብርና ዙልም፦ የሳባ ማሕሙድን የካይሮ ጥናት ከሚንበር አጠገብ ማንበብ

የአንትሮፖሎጂ ጥናት ሙስሊም ሴትን በአብዛኛው የሣለው በሁለት መልክ ነበር፤ አንድም የተጨቆነች፣ አንድም ጭቆናን የምትቃወም አድርጎ። ሃይማኖቷን አውቃና ወድዳ የምትከተል ሴት በዚህ ሚዛን ቦታ አልነበራትም። ሚዛኑን አጥብቀው ከፈተኑት መካከል ትውልዳቸው ፓኪስታን የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፉት ሳባ ማሕሙድ አንዷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፋቸው ርእሱ በእኛ ቋንቋ «የተቅዋ ፖለቲካ» ሊባል ይችላል።

ጸሐፊዋ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በካይሮ ባለጸጎችም ድሆችም በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ ሴቶች ለሴቶች በየመስጂዱ የሚሰጡትን ደርስ ተከታትለዋል። አንዲት ወጣት ለሱብሒ መነሣት እንደተሳናት ስትናገር የተሰጣት ምክር ስለ እንቅልፍ ብቻ አልነበረም። የጧቱ ሶላት የሚበላሸው ቀን በሚነገር ቃል፣ በቁጣና በቸልታ እንደሆነ ተነገራት። ሐያእም እንዲሁ ነው፤ ሴቶቹ ልብ እስኪለወጥ አይጠብቁም፤ ደጋግመው በመሥራት ልብን ያስተምራሉ። ሳባ ማሕሙድ ይህን ኢብን ኸልዱን «መለካ» ካሉት፣ ኢማም አል-ገዛሊም ካብራሩት የነፍስ ማነጽ ሥርዓት ጋር ያያይዙታል። መደምደሚያቸው ግልጽ ነው፤ የሰው አቅም በእምቢታ ብቻ አይለካም፤ ተምሮ መታዘዝም አቅም ነው።

በመድረሳ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አደብ የተማርነው በዚሁ መንገድ ነው። መጽሐፉን ለእኛ አስፈላጊ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሴቶች ሰሚዎች ብቻ አልነበሩም። ሴት ሴቶችን በሶላት ስለ መምራቷ የመዝሀቦችን አቋም እያነሡ ተከራክረዋል፤ ባሏ እየተቃወማት በደዕዋ ሥራዋ የጸናች ሴትም ነበረች፤ መከራከሪያዋም የአላህ ሐቅ የሚል ነበር። «መታዘዝ አቅም ነው» የሚለውን ነጥሎ ሴቶችን ዝም ለማሰኘት የሚጠቅስ መምህር መጽሐፉን አላነበበውም።

ሂሳችን የሚጀምረው ሶብርን ከሚመለከተው ክፍል ነው። ትዳር ያልያዙ ሴቶችን ስለሚያስጨንቀው የሰው ወሬ የሚናገሩ ሁለት ሴቶች በዚያ ቀርበዋል፤ አንደኛዋ በራስ መተማመንን፣ ሌላኛዋ ሶብርን መፍትሔ ታደርጋለች። ሶብር የደካማ መጠለያ ሳይሆን የነፍስ ብርታት መሆኑን ጸሐፊዋ በሚገባ አሳይተዋል። ነገር ግን ሥራቸው መረዳት እንጂ መፍረድ አይደለምና፣ የትኛው መከራ በሶብር፣ የትኛው በፍርድ እንደሚመለስ አይለዩም። ለአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ይህ ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል፤ ለኢማም ግን ጉድለት ነው። የአላህ ቀደር ያመጣው ሐዘን አንድ ነገር ነው፤ ነፈቃ የከለከለ ወይም እጁን ያነሣ ባል የሚፈጽመው ዙልም ሌላ ነው። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ስለ ባሏ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ስትል ቅሬታዋ ከሶብር ማነስ አልተቆጠረባትም፤ አላህ ሰማት፤ «አል-ሙጃደላ» የተባለው ሱራም በእሷ ጉዳይ ተጀመረ።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በማስተምርበት መስጂድ አንዲት እናት ባለቤቷ ለወራት ነፈቃ እንደነፈጋት ነገረችኝ። «እኅቴ፣ ሶብር አድርጊ» ብዬ አሰናበትኳት። ሐቋን ወስጄ በምትኩ ምክር እንደሰጠኋት የገባኝ ዘግይቶ ነው። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል፤ ጉዳዩን የሚያዩትም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። እንግዲህ ሴቲቱ ወደ ቃዲ ወይም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄድ እንደምትችል፣ ምርጫውም የራሷ እንደሆነ ልነግራት ይገባ ነበር።

መጽሐፉ ለመምህራንና ለኢማሞች መነበብ የሚገባው ነው። ከሴቶቻችን ተቅዋ በስተጀርባ ያለውን ዕውቀትና ልፋት እንድናከብር ያስተምረናል። ሶብርን ከዙልም መለየት ግን የእኛ አማና ነው፤ ከዚህ መጽሐፍ አንጠብቀው፤ አቤት ባይዋም ደጃችን ስትቆም አንርሳው።