የማይበሰልበት ማድ ቤት

የሰውን ቤት እየመረመሩ መተቸት ነውር ነው ይባላል፤ እኔም አምንበታለሁ። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ «እየውና ፍረድ» ብሎ በሩን ከከፈተ፥ አይቶ ዝም ማለት ወዳጅነት አይሆንም። ስለዚህ አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ውስጥ የቆየውን አፍርሶ እንደገና ያሠራውን ማድ ቤት ተጋብዤ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን፥ ስሙንና ሰፈሩን ትቼ፥ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። የሥራው መደብ ጥቁር ግራናይት ነው። ግራናይት ጠንካራ ድንጋይ ስለ ሆነ ቢላዋ በቀላሉ አይጭረውም፤ ከእሳት የወረደ ድስት ቢያርፍበትም አይደነግጥም። ወዳጄ አስቀድሞ የዳለቲን እብነ በረድ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ ወገን በመሆኑ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የነካው ቦታ ወዙን ያጣል ብለው መከሩትና ተወው። ከምድጃው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ደግሞ በትንንሽ የመስተዋት ንጣፍ ተለብጧል። መስተዋት ቅባት አይመጥም፤ ቁሌት ቢፈናጠቅበት በርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የበርበሬና የእርድ ቀለም የሚይዘው በንጣፎቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ብቻ ነው። እንግዲህ በዕቃው ምርጫ ነቀፋ የለኝም።

ነቀፋዬ የሚጀምረው ከዚያው ከመጋጠሚያው ነው። ሥራው ካለቀ ስምንት ወር አልፎታል፤ መጋጠሚያው ግን እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ አንዲት የበርበሬ ነጥብ አላየሁበትም። ይህን እያደነቅሁ ሳለሁ የዶሮ ወጥ ሽታ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። «ወጡ የሚሠራው የት ነው?» ብዬ ብጠይቅ፥ የወዳጄ ባለቤት ሣቅ ብላ «ጋሼ፥ እዚህማ ቢሠራ ይበላሽ የለም እንዴ! ከጓሮ ነው እንጂ» አለችኝ።

ወደ ጓሮ ዞርሁ። ቆርቆሮ የለበሰች፥ አንዲት ጠባብ መስኮት ያላት፥ ጭስ ማውጫ የሌላት ክፍል አለች። አንዲት ጠና ያሉ ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፥ ትሪ በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ድስቱ ከሰል ላይ ይንተከተካል፤ በማገዶ የሚነድደው ምጣድ ከአጠገባቸው ነው። «እናቴ፥ ጭሱ አያስቸግርዎትም?» ብላቸው፥ የቀላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ምን ይደረግ፥ ለመድነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን መዝነው። ግለት የማይፈራው ድንጋይ ግለት በሌለበት ተቀምጧል። በርበሬ የማያቆሽሸው መስተዋት በርበሬ በማይደርስበት ይብረቀረቃል። መደብ የሚያስፈልጋቸው ሴት ግን በጉልበታቸው ላይ ይከትፋሉ። ዕቃው ሁሉ ለሥራ ተመርጦ ለእንግዳ ዓይን ዋለ። አባቶቻችን «ውስጡን ለቄስ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

«ማድ ቤትን ከሳሎን መለየት የቆየ ልማዳችን አይደለምን?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ የእሳት አደጋንና ጭስን ለመሸሽ የተደረገ ብልህነት ነበር። ነገር ግን እነዚያ ለይተው የሠሩት የሚበሰልበትን አንዱን ቤት ነበር እንጂ፥ ሁለተኛ ለመታያ አልሠሩም። ጭሱም ቀልድ አይደለም። በቤት ውስጥ ከማገዶ፥ ከከሰልና ከመሳሰለው በሚወጣ በካይ አየር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት ገምቷል።

ጭሱን ካነሣን አቧራውንም እናንሣ። ድንጋይ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ሲሊካ የተባለው ረቂቅ ብናኝ የሠራተኛውን ሳንባ ያጠጥራል፤ ለበሽታውም ፈውስ የለውም። ግራናይትም ይህ አለበት፤ ይልቁንም የድንጋይ ዱቄት በሙጫ ተጣብቆ በፋብሪካ የሚሠራው ሰው ሠራሽ መደብ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዘጠና የሚያህለው ሲሊካ ነው። ስለዚህ አውስትራልያ ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024) ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ መሥራትም፥ መሸጥም፥ መግጠምም ከለከለች። ወዳጄን «ድንጋይህ ሲቆረጥ ውኃ ይፈስስበት ነበርን? ቆራጩስ አፍንጫውን ሸፍኖ ነበርን?» ብዬ ጠየቅሁት። የካሬ ሜትሩን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የነገረኝ ሰው ይህን አላየም ነበር። የቆረጠውም የምታበስለውም ከሒሳቡ ውጭ ቀርተዋል።

ማማርን አልጠላም። ማድ ቤቱን ማሳደስ የፈለገ ሰው ግን ከጓሮው ይጀምር፤ መጀመሪያ ጭስ ማውጫ፥ ቀጥሎ ሰፊ መስኮት፥ ከዚያ በቁመት ልክ ቆሞ የሚሠራበት መደብ፥ ከምድጃው ኋላም ሁለት ረድፍ መስተዋት ያድርግ። ከተረፈው ሳሎኑን ያስጊጥ።

ስወጣ ለማጠቢያ ገንዳው ቦታ ተቆርጦ የወጣውን ቁራጭ ግራናይት በአጥሩ ተደግፎ አየሁት፤ አፈር ለብሷል። በሁለት እግር ቢቆም ለሽንኩርት መክተፊያ ይበቃል። ለወዳጄ አሳየሁት፤ ምንም ሳይመልስልኝ ቆሞ ተመለከተው። እኔም የዚያን ቤት ማማር የምፈርደው በዚያች ቁራጭ ድንጋይ ነው።