አዝማች ያለ ተቀባይ

በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በሉዊስ ደሴት፣ የስቶርኖዌይ ከተማ የሄብሪዲስ ኬልቲክ ፌስቲቫል መዲና ናት። በዓሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ወቅቱ የአገሬው በጋ፣ ወሩም ሐምሌ ነው። ዋናው ድንኳን ለዓመታት ሲተከል የኖረው በሉዊስ ግንብ ቅጥር ውስጥ ነው። ግንቡን ያሠራው በቻይና የኦፒየም ንግድ የከበረው፣ ደሴቲቱንም በ1844 የገዛው ጄምስ ማቲሰን ነበር። በእርሱ ዘመን ብዙ ጭሰኛ ወደ ካናዳ ተሰዷል። የእነዚያ ጭሰኞች ዘመዶች ዛሬ በጌታው መስክ ላይ መጨፈራቸው ለበዓሉ ልዩ ጣዕም ይሰጠዋል።

ነቀፌታው የሚጀምረው ከመድረኩ ነው። ከጌሊክ ዘፈኖች ሁሉ የሚደነቁት የሱፍ ዘፈኖች ናቸው። ሴቶች ገበታ ከበው እርጥብ የሱፍ ጨርቅ እየደበደቡ ሲያጠብቁ አንዷ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ አዝማቹን ይቀበላሉ። አዝማቹ ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው የድምፅ ሰንሰለት ነው፤ ወደ የትኛውም ቋንቋ አይመለስም፣ መመለስም አያሻውም። ሥራውን የሚመራው እርሱ ነውና። የእጅ ሥራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀርቶ ዘፈኑ ብቻ ቀረ። ከሰሜን ዩስት የተገኘችው ጁሊ ፋውሊስ የምትዘፍነው በጥንቃቄና በጠራ ድምፅ ነው፤ በዚህ አትታማም። ይሁን እንጂ በድምፅ ማጉያው ፊት ተቀባዩ ተመልካች ሆኗል። ዘፋኞች ከዘፈኑ በፊት ታሪኩን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ልማዳቸው ነው፤ እንግዳው ይዘቱን ያውቃል፣ አዝማቹን ግን አፉ አይደፍረውም። ጭብጨባ የተቀባይን ቦታ አይሞላም።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ፣ የጌሊክ ዋና መኖሪያ በሆኑት በምዕራባዊ ደሴቶች ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ከግማሽ በታች ወርዷል። በ2025 የወጣው ሕግ ለጌሊክ የመንግሥት ቋንቋነት እውቅና ሰጥቶታል፤ ገበታ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ግን በሕግ አይፈጠርም።

ከስቶርኖዌይ በስተ ደቡብ፣ በትንሿ የባራ ደሴት፣ በ1981 ሌላ ዓይነት በዓል ተጀምሮ ነበር። «ፌሽ» ይባላል፤ በጌሊክ «በዓል» ማለት ነው። እዚያ ቲኬት ቆርጦ ከማዳመጥ ይልቅ የሰፈሩ ሕፃናት በበጋ ዕረፍታቸው ዜማ፣ ጭፈራና መሣሪያ ይማራሉ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛምቶ ዛሬ ከአርባ በላይ ፌሾች አሉ። ማታ በትልቁ ድንኳን ከሚያበሩት ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት የወጡ ናቸው። የበዓሉ ማስታወቂያ የሚያጎላው ግን ድንኳኑን እንጂ ልጆቹ የሚማሩበትን ክፍል አይደለም።