ያልተጠየቁት ቄሶች፦ ቤተ እስራኤል በአይሁድ ሕግ ፊት

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የካይሮ ወጣት ሚስት ለማግባት ፈልጎ እክል ገጠመው። እናቱ ከኢትዮጵያ የመጣች ናት። ጠላት ወርሮ በጸሎት ቤት የተገኙትን ወንዶች ሲፈጅ ከልጆቿ ጋር ተማረከች፤ ግብፅ ተሸጠች፤ ይህንንም ልጅ ከገዛት አይሁዳዊ ወለደችው። አገሯ ሳለች ባለትዳር ነበረች። ባሏ በዚያ ቀን ከሞቱት አንዱ ከሆነ በልጇ ላይ ነውር የለም። በሕይወት ካለ ግን ልጁ በአይሁድ ሕግ ማምዜር ነው፤ የሰው ሚስት ከሌላ ወንድ የወለደችው ዲቃላ በመሆኑ የአይሁድ ልጅ ማግባት አይፈቀድለትም።

ጥያቄው የቀረበው ራድባዝ በሚለው ምህጻረ ቃል ለሚታወቁት ለረቢ ዳዊት ኢብን አቢ ዚምራ ነበር። እኚህ ሊቅ የሴትየዋ ወገኖች ከዳን ነገድ የወጡ እስራኤላውያን መሆናቸውን መሰከሩ። የረቢዎችን የሕግ መድበል፣ ታልሙድን፣ አለማወቃቸው በደል ሆኖ አይቆጠርባቸውም፤ በሕፃንነቱ ተማርኮ ባዕድ መካከል እንዳደገ ሰው ይታያሉ፤ ከምርኮ መዋጀታቸውም ግዴታ ነው። በሌላ መልሳቸው ግን አንድ ጥርጣሬ ትተው አለፉ። የእነዚህ ሰዎች ጋብቻ ጋብቻ ነው ቢባል፣ ፍቺያቸውስ? ረቢዎች ባዘዙት ሥርዓት ያልተጻፈ የፍቺ ደብዳቤ ትዳርን አያፈርስም። ትዳሯ ሳይፈርስ ሌላ ያገባች ሴት የምትወልዳቸው ልጆች ደግሞ ምን እንደሚባሉ ሕጉ አስቀድሞ ወስኗል።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑትን ቤተ እስራኤልን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ኢየሩሳሌም ላይ የጠበቃቸው ሙግት ይኸው ነው። ጋዜጣው ሁሉ ስለ ዘርና ስለ ቆዳ ቀለም ሲጽፍ፣ በሕግ ሊቃውንቱ ዘንድ ከባዱ ጉዳይ የፍቺ ጉዳይ ነበር።

ጉራጌ አገር ጉብሬ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ ሙግት እንግዳ አይሆንበትም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በየጆካ ተሰብስበው የሚዳኙበት ቅጫ እንደ አይሁድ ሕግ፣ እንደ ሃላካ፣ በክርክር የዳበረና ከቀደመው ፍርድ እየተነሣ የሚፈርድ ሕግ ነው። በዚሁ ባህል ውስጥ አንቂት የሚባል ልማድ ኖሯል፤ ባሏ በወጉ ያላሰናበታት ሴት ሌላ ባል እንዳታገባ የሚያስር። በአይሁድ ሕግ የእሷ አቻ አጉና ናት። ባሏ ጌት የሚባለውን የፍቺ ደብዳቤ በገዛ እጁ ካልሰጣት፣ ፍርድ ቤት ቢፈርድላትም እንኳ እንደታሰረች ትኖራለች። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የፍቺ መብትና በሚስት ላይ ሚስት ስለ መደረብ እንደተሟገተች በቃል ታሪክ ይነገራል። እስራኤል አገር ደግሞ በ1995 የወጣ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሚስቱን አልፈታም የሚል ባልን የረቢዎች ፍርድ ቤት መንጃ ፈቃድ እስከ መንጠቅ፣ አልፎም እስከ ማሰር እንዲቀጣው ሥልጣን ሰጥቷል። ሰውየው ታስሮም እምቢ ካለ ግን ሴትዮዋ ነፃ አልወጣችም።

ሁለቱን ባህሎች በአንድ የሕይወት ዘመን ያጠኑ ምሁርም አሉ። ፖላንድ የተወለዱትና በናዚ ዘመን ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ያመለጡት አይሁዳዊው ቮልፍ ሌስላው በ1951 የቤተ እስራኤልን የግዕዝ ድርሳናት ተርጉመው አሳተሙ፤ በ1979 ደግሞ በሦስት ጥራዝ የጉራጌ ቋንቋዎችን ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት አወጡ። በመጀመሪያው መጽሐፋቸው ውስጥ ያለው ትእዛዘ ሰንበት ለዚህ ዳሰሳ ትልቅ ማስረጃ ነው። ቤተ እስራኤል ከታልሙድ ውጭ ቢኖሩም ያለ ሕግ አልኖሩም።

የሕጋቸው መሠረት በግዕዝ የሚነበበው ኦሪት ነው። ተርጓሚዎቹ ቄሶች ናቸው። በሰንበት እሳት አይነድም፤ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ኢትዮጵያ ሳሉ በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ከመንደሩ ዳር በተለየ ጎጆ ትቆይ ነበር። በስግድ ዕለት ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ያነባሉ፤ ሲወርድ ይበላል፣ ይጨፈራል። በሠርግ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ቀይና ነጭ ክር፣ ቀሸራ፣ ያስራል። ከዚያ በፊት ግን የዘር ቆጠራው አለ። ሽማግሎቹ የወንዱንም የሴቷንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ። የረቢዎች ሕግ የአጎት ልጅን ማግባት ይፈቅዳል። የወንድምና የእህት ልጆች እንኳ እንዲጋቡ በሚፈቅድ ሕግ ዓይን የሰባት ቤት ቆጠራ እጅግ ጥብቅ ነው። በዘር ሐረጋቸው ላይ ጥርጣሬ የተነሣባቸው ሰዎች ከጠርጣሪዎቻቸው ይልቅ ዘር ይቆጥሩ እንደነበር በውሳኔዎቹ ውስጥ ተገቢውን ክብደት አለማግኘቱ ያሳዝናል።

ከዚያ የ1973 ውሳኔ መጣ። የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ራድባዝን መሠረት አድርገው ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው፤ ፈጥኖ ወደ እስራኤል ማምጣትም ግዴታ ነው ሲሉ ጻፉ። በ1975 መንግሥት፣ አይሁድ ሁሉ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንደሚመለከታቸው ተቀበለ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉ ገቡ፤ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ 14,000 ያህል ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ተጓዙ።

የኦቫዲያ ዮሴፍ ፍርድ ደፋርም ቅንም ነበር። ከእሳቸው ጋር በክብር የሚነሡ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ ኒውዮርክ የነበሩት ታላቁ ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን ጥርጣሬ ስላለ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የመግቢያውን ሥርዓት መፈጸም ይገባቸዋል ብለው ጻፉ። የእስራኤል ረባኑትም (የዋና ረቢዎቹ ተቋም) ለማግባት የሚመጡትን ወደ ሚቅዌ፣ ወደ መጥመቂያው፣ እንዲገቡ ጠየቀ፤ ወንዶችንም የግርዛት ምልክት የሆነች የደም ጠብታ ጠየቀ። የጠየቀው "ለጥንቃቄ" ነበር። በሱዳን በረሃ ልጆቻቸውን ቀብረው ለመጡ ሰዎች ይህ ጥንቃቄ እንደ ስድብ ተሰማቸው። በ1985 መኸር ኢየሩሳሌም በረባኑቱ ሕንፃ ፊት ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ነገሩ በከፊል የተፈታው የናታንያ ዋና ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ መጥለቅ ማጋባት በጀመሩ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ማመዛዘን የሚገባ አንድ የሕግ መላ አለ። የማምዜርን ጥርጣሬ ያስወገደው ዋናው ክርክር ይህ ነበር፦ የቤተ እስራኤል ሠርግ በረቢዎች ሕግ የሚፈለጉት ብቁ ምስክሮች ያልተገኙበት በመሆኑ ከመነሻው በሃላካ የጸና ጋብቻ አይደለም፤ ያልጸና ጋብቻ ደግሞ የፍቺ ደብዳቤ አይሻም፤ ስለዚህ ልጆቹ ንጹሐን ናቸው። ብልሃቱ አዲስ አልነበረም። ፋይንስታይን ራሳቸው በአሜሪካ ሪፎርም በሚባለው የአይሁድ ወገን ረቢዎች ፊት የተፈጸሙ ሠርጎችን በዚሁ መንገድ ከንቱ አድርገው ብዙ ልጆችን ከነውር አድነዋል። ዓላማው ምሕረት ነው። ዋጋው ግን በአያቶች ላይ ወደቀ፤ የልጅ ልጆቹ ከጥርጣሬ የወጡት ቄሱ ቀሸራ አስሮ የመረቀው ትዳር በዚያ ችሎት ዓይን እንዳልነበረ ተቆጥሮ ነው። ብልሃቱ ሰውን ሊያድን መፍቀዱ የሃላካ ጥንካሬ ነው፤ ያን ሠርግ ያሠሩት ቄሶች ስለ ራሳቸው ሥርዓት አለመጠየቃቸው ግን ትልቅ ጉድለት ነው። ቄሶቹ ከኦሪት ተነሥተው መናገር ይችሉ ነበር፤ የጠራቸው አልነበረም።

በፈላሽ ሙራ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሃላካና የመንግሥት ሕግ ቦታ ተቀያይረው ቆሙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሚሲዮናውያን ስብከት፣ በክፉ ቀን ረሃብና መሬት በማጣት ወደ ክርስትና የገቡት የቤተ እስራኤል ልጆች በሃላካ ዘንድ ተስፋ አላቸው፤ አይሁዳዊ ቢክድም ከአይሁድነቱ አይወጣምና ቢመለስ በሩ ክፍት ነው። ኦቫዲያ ዮሴፍ በ2002 የመመለስ መብታቸውን ደግፈው ፈረዱ። የመንግሥት ሕግ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። በ1962 ወንድም ዳንኤል የሚባል፣ ከጌቶ አይሁድን አስመልጦ በኋላ የካቶሊክ መነኩሴ የሆነ አይሁዳዊ በመመለስ ሕግ ዜግነት ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሃላካ አይሁዳዊ ብሎ ቢቀበለውም የመንግሥቱ ሕግ አይቀበለውም አለ፤ የ1970 ማሻሻያም በሌላ ሃይማኖት ያለን ሰው ከሕጉ ውጭ አደረገ። ስለዚህ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ዓመታት የሚጠብቁት ቤተሰቦች በመመለስ ሕግ መግባት አልቻሉም፤ በካቢኔ ውሳኔ፣ በኮታና በቤተሰብ ማገናኘት እየተለቀሙ ሲገቡ ቆይተዋል። አንዱ ወንድም እስራኤል ወታደር ሆኖ ሌላው ጎንደር ይቀራል። የለያያቸው የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ሃላካ እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።

አንድ ሰው "ይህ ያለፈ ነገር ነው" ቢል የ2018ን የወይን ጠጅ ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በርካን የተባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ኤዳ ሐሬዲት ከተባለው እጅግ ጥብቅ የሃይማኖት ማኅበር የካሽሩት (የምግብና የመጠጥ ንጽሕና) ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ፤ ምክንያቱም አይሁድነታቸው "ያጠራጥራል" ተባለ። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን አይጠጣም የሚለው ጥንታዊ ደንብ በዚህ መልኩ የዘር ማግለያ ሆነ። የወቅቱ ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ፣ የኦቫዲያ ልጅ፣ ነገሩን ዘረኝነት ብለው አወገዙት፤ ፋብሪካውም ተመለሰ። የዋናው ረባኑት ምክር ቤት የ1973ቱን ፍርድ በይፋ መቀበሉ የተሰማው በ2020 መጀመሪያ ነው። አርባ ሰባት ዓመት ማለት ነው!

ከማኅበረሰቡ ውስጥ የወጡ ሊቃውንት ይህን ክፍተት መሙላት ጀምረዋል። ከኢትዮጵያ በልጅነታቸው የሄዱት ረቢ ዶክተር ሻሮን ሻሎም በ2012 ያሳተሙት ከሲና እስከ ኢትዮጵያ የተሰኘ መጽሐፍ የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከረቢዎች ሕግ ጎን አቁሞ ይመረምራል፤ የቄሱን ልማድ ስሕተት አይለውም፣ ከታልሙድ በፊት የነበረ ሃላካ ነው ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ሁሉን አላሳመነም። ከራድባዝ ጀምሮ በሌሎች ሲዳኙ የኖሩ ሰዎች ግን በዚህ መጽሐፍ ሕጉን ራሳቸው ተናገሩት።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚተርፍ ጉዳይ ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ጋር የተያያዘ ነው። አንቀጹ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ ነው። እስራኤል ውስጥ ይህ ምርጫ የለም፤ ከ1953 ጀምሮ የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት ብቻ የሚዳኝ ሲሆን የሲቪል ጋብቻ በአገሩ ውስጥ አይፈጸምም። የረባኑቱ ጥርጣሬ በቤተ እስራኤል ላይ ይህን ያህል የከበደውም ለማግባት ሌላ በር ስላልነበረ ነው። እኛ ዘንድ የፈቃድ ድንጋጌው በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም፤ በ2004 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠባትን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል።

ፈቃድ ብቻውን ግን አይበቃም። በየጆካ ሽማግሎች ፊት ለመቆም ፈቃዷን የሰጠች ሴት የምትናገርበት ቦታ ከሌላት ፈቃዷ ባዶ ነው። ውርድወት ይህን አስቀድማ ያየች ሴት ነበረች፤ የቤተ እስራኤል ቄሶችም በሌላ አገር ያጡት ይህንኑ ቦታ ነው።

የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ጉብሬ ነው። የየጆካ ሽማግሎች ከአጠገቡ አሉ፤ ቅጫውን በቃል የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የሕግና የባህል ተመራማሪዎቹ የቅጫውን የጋብቻና የፍቺ ፍርዶች ከሽማግሎቹ ሲመዘግቡ፣ በዚያው ፍርድ ሥር ያለፉትን ሴቶች ቃል ጎን ለጎን ይመዝግቡ። ጎንደር ላይ ያሉ ባልደረቦቻቸውም ቤተ እስራኤል በኖሩባቸው መንደሮች የቀረውን የቄሶች ሥርዓት ትዝታ ዛሬውኑ ይሰብስቡ፤ እስራኤል ያሉት አረጋውያን ቄሶች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄ ገና ብዙ ነው።