ከኋላ የምትዘፍነዋ ማን ናት?

ሙዱላ ውስጥ የሚሠሩ ባጃጆች ላይ ከሚለጠፉ ስቲከሮች መካከል ከቦብ ማርሌ ጋር የሚፎካከሩት ኢየሱስና አርሰናል ብቻ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ የሚነዳት ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ ደግሞ ከቦብ ፎቶ ሥር በእኛው ፊደል «ኖ ውማን ኖ ክራይ» ተብሎ ተጽፏል። ትርጉሙን ስጠይቀው ሳያመነታ «ሴት ከሌለች ለቅሶ የለም» አለኝ። ከዚያ ስለ ቀድሞ ፍቅረኛው ረጅም ወሬ ተከተለ። እሱን እንለፈው።

አልሳቅኩበትም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ የማውቀው ይህንኑ ትርጉም ነበር። ዘፈኑ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። በጃማይካውያን አነጋገር «አይ፣ አንቺ ሴት፣ አታልቅሺ» ማለት ነው። ማጽናኛ ነው። በድህነት ሰፈር አብራው ያሳለፈችን ሴት የሚያባብል ሰው ዘፈን ወስደን የመለያያ መፈክር አደረግነው። ይኼን ካወቅኩ በኋላ ስቲከሩን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ዘፈኑን በስህተት የሰማነው እኛ ብቻ ነን ወይስ የዘፈነውም ሰውዬ ራሱ አልሰማውም?

ምክንያቱም የቦብን ኑሮ ሁላችንም በትንሹ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2024 «ዋን ላቭ» የተሰኘው ፊልም ሲወጣና በቴሌግራም ሲዳረስ ያላወቀውም አወቀ። ሪታን በየካቲት 1966 አገባ። በይፋ የሚታወቁት ልጆቹ 11 ሲሆኑ ከተለያዩ እናቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የተወለዱት ከሪታ ጋር በትዳር እያለ ነው። ከሌሎች ሴቶች ከወለዳቸው አንዳንዶቹ ያደጉት ሪታ ቤት ነው። ፊልሙ ሁለቱን ሲጨቃጨቁ ያሳየናል፤ ከዚያ ግን ቶሎ ብሎ ወደ መድረኩ ይመልሰናል። ፊልሙን ያዩ ጓደኞቼም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ሰውየውን ተወው፣ ሥራውን ስማ» ተባባልን። አበቃ።

እኔ ግን ይቺ «ሥራውን ከሰውየው ለይ» የምትባል ምክር ሁሌም ቅር ትለኛለች። ስህተት ስለሆነች አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናት። የሞዛርትን ሙዚቃ ለመስማት የሞዛርትን ዕዳ መክፈል አይጠበቅብኝም። ምክሯ የምትሠራው ግን ኑሮው ከዘፈኑ ውጪ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሲሆን ነው። ቦብ ዘንድ ኑሮው እዚያው ዘፈኑ ውስጥ ተቀድቷል። ማይክ ተይዞለታል።

ላስረዳ። ከ1974 ጀምሮ የቦብ ተቀባዮች «አይ ትሪስ» የሚባሉ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ማርሻ ግሪፊትስ፣ ጁዲ ሞዋትና ሪታ ማርሌ። አማርኛ ለዚህ ሥራ ያለው ቃል ጥሩ ነው፤ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባይዋ ትቀበላለች። ሪታ ደግሞ የተቀበለችው ዜማ ብቻ አይደለም። ልጆቹንም ተቀብላለች፣ ጥይቱንም ተቀብላለች። በታኅሣሥ 1976 ኪንግስተን ውስጥ ታጣቂዎች ቤታቸው ገብተው ሲተኩሱ ቦብ ደረቱና ክንዱ ላይ ቆሰለ፤ እሷ ጭንቅላቷን ተመታች። ከሁለት ቀን በኋላ «ስማይል ጃማይካ» በተባለው ኮንሰርት ቦብ መድረክ ወጣ። እሷም ወጣች፣ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከሆስፒታል በለበሰችው ልብስ። የቦብን ጀግንነት ስንተርክ ይኼ ኮንሰርት ሁሌም አለ። ፋሻዋ ግን በአብዛኛው የለም።

ከዚያ ወደ ለንደን ሄደው «ኤክሶደስ» ተቀረጸ። በ1977 የወጣ፣ በኋላ ታይም መጽሔት የምዕተ ዓመቱ ምርጥ አልበም ያለው ነው። እዚያ ውስጥ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን አለ፣ «ተርን ዩር ላይትስ ዳውን ሎው»። ለሲንዲ ብሬክስፒር እንደተዘፈነ በሰፊው ይነገራል። ሲንዲ የ1976 የዓለም ቆንጆ፣ በ1978 ደግሞ የዴሚያን እናት ናት። የአልበሙ ተቀባዮች አይ ትሪስ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ባል ለሌላ ሴት በዘፈነበት አልበም ላይ ተቀባይዋ ሚስት ናት። በጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ስሙት። ዘፈኑ ቆንጆ ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ይኼን ካወቃችሁ በኋላ የሴቶቹ ድምፅ ማጀቢያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ለይ» የሚለኝ ሰው ከምኑ ላይ ምኑን እንድለይ እንደሚፈልግ አላውቅም። የእሷን ድምፅ ካወጣሁት ዘፈኑ ይጎድላል፤ ካስቀረሁት ኑሮው አብሮ ቀረ።

ሙዱላ ላደገ ልጅ ይኼ ጥያቄ ከጃማይካ በፊት በሌላ በር ነው የመጣው። እኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ ነው፤ ዘፈን «ዓለማዊ» ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሰማው መዝሙር ነው። ዘማሪ ደግሞ ኑሮው ፈቃዱ ነው። ትዳሩ ተበላሸ ወይም መጠጥ ቤት ታየ ከተባለ ከአገልግሎት ይታገዳል፣ እናቶችም ካሴቱን አንስተው ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል። ልጅ እያለሁ እንዲህ የታገደ የአንድ ዘማሪ ካሴት ቤታችን ነበር። እናቴ አልጣለችውም፣ አላጫወተችውምም። ንስሐ ገብቶ ሲመለስ ካሴቱም አቧራው ተጠርጎ ተመለሰ። ያኔ ይኼ ሕግ በጣም ጨካኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዜማው ምን አጠፋ? አሁንም ሙሉ በሙሉ አልስማማበትም። ግን አንድ ነገር ነበረው። የቆሰለ ሰው እንዳለ ያውቃል። ካሴቱ ቁም ሳጥን ላይ በተቀመጠባቸው ወራት ሁሉም ሰው ስለ ዘማሪው ሚስት ይጠይቅ ነበር። «ሥራውን ብቻ ስማ» ብለን የተስማማን የእኛ ትውልድ ልጆች ግን ስለ ማንም አንጠይቅም።

ለነገሩ የማንንም ኑሮ ከሥራው የምንለየው እኩል አይደለም። ሁለት የክራር ሰዎችን እንውሰድ። ስለ ካሳ ተሰማ ሲወራ ክራሩ ይወራል፣ ያ የተረጋጋ ድምፁ ይወራል፣ ግጥሙ ይወራል። ስለ አስናቀች ወርቁ ሲወራ መጀመሪያ ውበቷ ነው፣ ቀጥሎ እነማን እንደወደዷት ነው፣ ቦታ ከተረፈ ክራሯ ነው። አስናቀች እኮ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መታየቷ ነውር በነበረበት ዘመን ቲያትር የሠራች፣ ክራር ይዛ ብቻዋን ሰው ፊት የተቀመጠች ሴት ናት! «ኢትዮፒክስ» 16ኛውን ቅጽ ለእሷ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ስታርፍ የጻፍንላት ግን ከሙዚቃ ሂስ ይልቅ የፍቅር ታሪክ ይመስል ነበር። ማንም «ሴትየዋን ተዉ፣ ክራሯን ስሙ» አላለም። ያቺ ምክር ስትመጣ የምትመጣው ለወንድ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዚያም አልፎ እስከ እኛ ድረስ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። የአክስቴ ባል የሄደው እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው፣ በሞያሌ በኩል። ጥሩ ሰው ነበር። ቴፕና የቦብ ካሴት ትቶልኝ ሄደ። ብር ላከ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። በስድስተኛው ዓመት ከሚመለስ ሰው ጋር የሁለት ዓመት ሕፃን ላከ። ልጁ እዚያ የወለደው ነው። አክስቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ሕፃኑን አጥባ ከልጆቿ ጋር አስተኛችው። አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው፣ «እማ» ነው የሚላት።

ባለፈው መስቀል ሰሞን አክስቴ ጓሮ ቆጮ ስትከትፍ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ያንን ዘፈን ከፍቼ ነበር፣ በ1975 ለንደን ላይሲየም ቲያትር በቀጥታ የተቀዳውን። አክስቴ ዘፈን አትሰማም። ዝጋው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ቢላዋውን አቆመች።

«ይኼ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

«አታልቅሺ እያላት ነው፣ አክስቴ።»

«ማንን?»

«አንዲትን ሴት።»

ትንሽ ሰማች። «ከኋላ የምትዘፍነዋስ ማን ናት?»

«ሦስት ናቸው። አንዷ ሚስቱ ናት።»

«ታዲያ እሱ አታልቅሺ ሲላት፣ እሷም አብራው አታልቅሺ ትላለች?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ናት» አለችና ወደ ቆጮዋ ተመለሰች።

በቋንቋችን የተናገረችውን ነው ወደ አማርኛ ያመጣሁት፤ «ጎበዝ» የሚለው ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ዘፈን ካነበብኳቸው ጽሑፎች ግን አንዱም ይኼን ጥያቄ አልጠየቀም። ብዙዎቹ የሚከራከሩት ማን ጻፈው በሚለው ላይ ነው፤ ስሙ የተመዘገበው ትሬንችታውን ውስጥ ድሆችን ያበላ በነበረው በቪንሰንት ፎርድ ነው። ለማን ተዘፈነ በሚለውም ይከራከራሉ። አክስቴ የሰማችው ግን ሲያጽናና ብቻውን እንዳልሆነ ነው። አልቃሿም አጽናኟም አንድ ድምፅ ውስጥ አሉ። ሪታ ራሷ በ2004 የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ፣ ስለ ሌሎቹ ሴቶችም ስለ ጭቅጭቁም ስታነሳ፣ ለመጽሐፏ የመረጠችው ርዕስ ይኸው የዘፈኑ ርዕስ ነው። ዘፈኑ የእሷም እንደሆነ ከዚህ በላይ እንዴት ትበል?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ቦብን «የኛ» የምንለው በጃንሆይና በሻሸመኔ በኩል ነው። ከሙዱላ በዱራሜ፣ በሃላባ አድርጎ ሻሸመኔ ሩቅ አይደለም፤ ቦብም በ1978 መጥቶ አይቷታል። ግን ጃንሆይ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲገቡ ቦብ አልነበረም። ካገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እናቱ ወዳለችበት አሜሪካ፣ ዴላዌር ሄዶ ነበር። መንገድ ዳር ቆማ ያየቻቸው ሪታ ናት። መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት አየሁ ብላለች። ያየችው ምልክቱን ይሁን ሌላ ነገር የራሷ ጉዳይ ነው (የወሎን ረሃብ ከወላጆቹ የሰማ ሰው ስለ ጃንሆይ መለኮትነት ሲወራ ፊቱ መቀያየሩ አይቀርም፣ የእኔም ይቀያየራል)። ነገሩ ግን፣ በዚያ ቤት ኢትዮጵያን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። በ2005 60ኛ ልደቱ መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር ዝግጅቱን ከመሩት ዋናዋም እሷ ናት። ኮንሰርቱን በቴሌቪዥን ያዩ ታላላቆቻችን ዛሬም «ቦብ መጣ» እያሉ ያወራሉ። እሱ ከሞተ 24 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

እኔ ቦብን መስማት አላቆምኩም፣ ማንም እንዲያቆም አልፈልግም። ካሴቱን ቁም ሳጥን ላይ አውጡት ብዬም አልፈርድም። የተውኩት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ መስማትን ነው። የድምፁን ማስተካከያ ከፍቼ የሴቶቹን ድምፅ ከፍ አድርጌ እሰማለሁ። አንዳንድ ዘፈን እንዲህ ሲሰማ ይሻሻላል፣ ላይሲየም ላይ የተቀዳው አንዱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይከብዳል፣ እስከ መጨረሻው አልሰማውም። ሪታ ብቻዋን የሠራቻቸውንም ፈልጌ አገኘሁ። ሁሉም የቦብን ያህል አይደሉም፤ ይኼንንም በውለታ ብዬ አልደብቅም። ሁለት ሦስቱ ግን አብረውኝ ውለው ያድራሉ።

ባለፈው ሳምንት ለባለ ባጃጁ ጓደኛዬ የስቲከሩን ትክክለኛ ትርጉም ነገርኩት። ተናደደ። ስቲከሩን ለማስለጠፍ ብር ከፍሏል፣ ልላጠው ቢል መስታወቱ ይበላሻል። ትንሽ አሰበና ማርከር ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ከ«ኖ» ቀጥሎ አንድ፣ ከ«ውማን» ቀጥሎ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረበት። ከዚያ የሪታን ዘፈኖች በቴሌግራም ላክልኝ አለኝ። ልኬለታለሁ።