«አፕሪሺዬት» ስንት ዋጋ አለው?

«ሐሳብህን አፕሪሺዬት አደርጋለሁ።» «ጥረቷ አፕሪሺዬት ሊደረግ ይገባል።» ይህን ቃል ሳንሰማ የምንውልበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ትርጉሙን ብትጠይቁ መልሱ አፍ ላይ ነው፦ ማድነቅ፣ ማመስገን። በቃ። ልክ ነው። እስቲ ይህንን መልስ ይዛችሁ አንድ የኢኮኖሚ ዜና አንብቡ፦ «ዘ ብር አፕሪሺዬትድ አጌንስት ዘ ዶላር»። ብር ዶላርን አደነቀው? ወይስ አመሰገነው? ዜናው የሚለው «ብር ከዶላር አንጻር ጠነከረ» ነው።

ያስቃል፤ ከኋላው ግን ከባድ ጥያቄ አለ። አንድን የእንግሊዝኛ ቃል «አውቀዋለሁ» ማለት የምንችለው መቼ ነው? ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝና ከሙያዬ ልጀምር። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ «ዲክሽነሪ» የሚባል ነገር አለ። ለአንድ ቁልፍ አንድ ዋጋ ይይዛል። ቁልፉን ስትሰጠው ዋጋውን ይመልስልሃል፤ ማን ጠየቀ፣ ለምን ጠየቀ፣ አያገባውም። ለኮምፒውተር ግሩም ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛንም እንደዚሁ መማራችን ነው፦ ደብተሩን መሃል ለመሃል በመስመር ከፍለን፣ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የቆሙትን መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ፣ ታሪኩ ወደ ሰሜን ሸዋ ይወስደናል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ኢዘንበርግ ቀደም ሲል ትግራይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር ወደ ሸዋ መጣ፤ ያኔ አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች። ኢዘንበርግ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመለሰ፣ መዝገበ ቃላቱም በ1841 ለንደን ላይ ታተመ። ሁለት ክፍል አለው፦ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። በዚያ ዘመን ይህን መሥራት ቀልድ አይደለም። ግን ለማን ተሰናዳ? አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ። እንግሊዝኛ ሊማር ለሚነሣ የአንኮበር ልጅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ውስጥ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት፣ በ1973፣ የወጡ ናቸው። አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ያሳተመው ኦክስፎርድ ነው። ቃሉን ትፈልጋለህ፣ የአማርኛ ፍቺውን ታገኛለህ። ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለም። ሌላው የቮልፍ ሌስላው የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው። ሌስላው ቃሉን ለብቻው አያስቀምጠውም፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አጠገቡ ያቆመዋል። ትርጉም የሚገኘው ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቶቹም ጭምር መሆኑን ከርዕሱ ጀምሮ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ግን እኮ እሱም ቢሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዓረፍተ ነገሩን ይሰጠናል፤ ማን ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚናገረው ግን ለመገመት ለእኛ ይተወዋል። የ«አፕሪሺዬት» ጣጣ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

አለቃህ «አይ ውድ አፕሪሺዬት ኢት ኢፍ ዩ ሴንት ኢት ባይ ፍራይዴይ» ብሎ ቢጽፍልህ ምስጋና አይደለም። «እስከ ዓርብ ብትልክልኝ» ማለቱ ነው፤ ልመና የለበሰ ትእዛዝ። ቃሉን «ማመስገን» ብሎ የሸመደደ ልጅ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፣ ዓርብም ይመጣል። በርቀት ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው እንጀራው በእንዲህ ያለ አንድ መስመር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። «አይ አፕሪሺዬት ሃው ሃርድ ዚስ ኢዝ» ሲልህ ደግሞ አላደነቀህም። «ከባድ እንደሆነ ይገባኛል» ነው ያለው፤ ቀጥሎ «በት» እንደሚመጣ ጠብቅ።

አጠቃቀሙም የራሱ ሥርዓት አለው። «ታንክ» ሰውየውን ይይዛል፣ «አፕሪሺዬት» በተለምዶ ሥራውን፦ አንተን አመሰግናለሁ፣ እርዳታህን ግን «አፕሪሺዬት»። ዛሬ አሜሪካኖች «አይ አፕሪሺዬት ዩ» ማለት አብዝተዋል፤ ቋንቋ ይሄዳል። በልመናው አነጋገር ውስጥ ያለችው ትንሿ «ኢት» ግን አትዘለልም፤ እኛ ዘወትር የምንጥላት እሷን ነው። ይህን ሁሉ «ማድነቅ» የሚል አንድ ቃል አይነግርህም።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ከ«ዋጋ» የመጣ ነው። የ«ፕራይስ» ዘመድ ነው። ይህን ስታውቅ የተበታተኑት ትርጉሞች መሰባሰብ ይጀምራሉ፦ የሥራህን ዋጋ አወቅሁ፣ የችግሩን ክብደት መዘንኩ፣ የብር ዋጋ ወጣ። አማርኛችን እዚህ ላይ አልደኸየም፤ እንዲያውም ከፍቺው ዝርዝር በላይ «ዋጋ መስጠት» የሚለው ሐረግ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ምስጋናውን ደግሞ «ውለታህን አልረሳም» ከ«አደንቃለሁ» አስበልጦ ይሸከመዋል።

እስቲ «ዋጋ»ን ራሷን ተመልከቷት። ደብረ ብርሃን በግ ተራ «ዋጋው ስንት ነው?» ትላለህ። «ለአገሩ ዋጋ ከፍሏል» ስትል ገንዘብ አላሰብክም። «ምን ዋጋ አለው» ተስፋ መቁረጥ ነው። «ዋጋህን ታገኛለህ» እንደተናጋሪው ፊት ምርቃትም ዛቻም ይሆናል። ይህን ማንም በዝርዝር አላስጠናንም። ከእናት፣ ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ማን ለማን እንዳለው እያየን ነው የያዝነው። እንግሊዝኛን ግን ሰውም ፊትም በሌለበት፣ በሁለት ዓምድ እንድንይዘው ተፈረደብን።

የደብረ ብርሃን ተማሪ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ጀምሮ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያኔ ቃል አለማወቅ የአንድ ትምህርት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የሁሉም ይሆናል። ጎበዙ ልጅ ሺህ ቃል ሸምድዶ አንድ አንቀጽ መጻፍ ሲያቅተው፣ ጥፋቱን ከጭንቅላቱ ይፈልጋል። ጥፋቱ ያለው ግን ከመሣሪያው ነው። ጉግል ትራንስሌት እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ሲጨምር መሣሪያው ተቀየረ ብለን ነበር፤ እኛ ግን እዚያም ላይ አንድ ቃል ጽፈን አንድ ቃል እንጠብቃለን። የድሮው ደብተር ስክሪን ላይ ወጣ እንጂ አልተቀየረም።

የሚያስፈልገን መዝገበ ቃላት ከዚህ ልጅ ወንበር የሚነሣ ነው። በእያንዳንዱ ቃል ሥር ሦስት ነገር ይኑረው፦ ማን ለማን እንደሚለው፣ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚሄድ፣ እኛ በአማርኛ በዚያው ቦታ ላይ ምን እንደምንል። ኮዱ ከባድ አይደለም፤ እኔና መሰሎቼ በጥቂት ሳምንት እንሠራዋለን። ከባዱ ዓረፍተ ነገሮቹን መሰብሰብ ነው። እሱ የመምህራንና የአንባቢዎች ሥራ ነው፤ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ደብተር አለ። የመሃሉን መስመር ተዉትና፣ «አፕሪሺዬት»ን ባገኛችሁበት ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን ከተናጋሪው ጋር ጻፉት።