የታንኳዋ አንቀልባ

ሲያትል መሃል ሌክ ዩኒየን የሚባል ሐይቅ አለ። ዳር ዳሩን ከታሰሩት ጀልባዎች አንዳንዶቹ ከኋላቸው ትንሽ የጎማ ታንኳ አዝለዋል። ታንኳዋ በጎኗ ትቆማለች፤ የታችኛው ገጿ ወደ ሐይቁ፣ ውስጧ ወደ ጀልባዋ። ለዓመታት በዚያ ሳልፍ በገመድ ጠፍረው ያሰሯት ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ያገሬ ሰው ለአንዲት ጀልባ ይህን አንቀልባ ሲሠሩላት ሳምንት ሙሉ እየተመላለስኩ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆም ማለፍ አቃተኝ።

ጋሼ ነው የምላቸው። እጃቸው የተፍታታው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጀልባ የለመዱት እዚህ ከመጡ በኋላ። ቋንቋቸው ግን ዛሬም የጋራዡ ነው፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ትራፓኖ።

«ታንኳዋ ቀላል ናት፤ ሁለት ሰው ያነሳታል» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «እኛ የምንታገለው ከውሃ ጋር ነው።»

ጀልባዋ 10 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ከኋላዋ፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብላ፣ ዋናተኛ የሚወጣባትና የሚወርድባት መደብ ተዘርግታለች። የቤት ግድግዳ ተደግፎ እንደሚሠራው መደብ ናት፤ ልዩነቷ ከሥሯ ባዶ መሆኑ ነው። አሠራሩን ለመረዳት በር ማሰብ ይበቃል። ሁለት የማይዝጉ የብረት መያዣዎች በመደቧ ጠርዝ ላይ ይታሰራሉ፤ ማጠፊያዎቹ እነሱ ናቸው። መዝጊያው ታንኳዋ ራሷ ናት። በአንድ ጎኗ ላይ የሚጣበቁት ሁለት የጎማ መቀበያዎች ከመያዣዎቹ ጋር ቀጭ ብለው ይቆላለፋሉ። ከዚያ ወዲያኛውን ጎኗን በገመድ ሲስቡት ትነሳለች፤ ከቆመች በኋላ ሁለት ዘንጎች ደግፈው ይይዟታል።

ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ሞክሮት ነበር። መደቧ ላይ አራት አሮጌ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ቡናማ መስመር ወርዷል። ጋሼ የካቻቪቴውን ጫፍ ወደ አንዱ ሰደድ አደረጉት። እንደራሰ ዳቦ ተቀበለው። የመደቧ ላይና ታች ፋይበርግላስ ነው፤ መሃሉ እንጨት። በቡሎኑ ጎን የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን ዓመት ከዓመት ሲበላው ኖሯል።

እዚህ ላይ ነው ሙያቸው ደስ ያለኝ። አዲሱን ቡሎን በአሮጌው ቀዳዳ አልሰደዱም፤ ወደ ጎን ሸሽተው አዲስ ቀዳዳም አልከፈቱም። አሮጌውን አሰፉት። የበሰበሰውን ጤናማ እንጨት እስኪያገኙ ድረስ ፈልፍለው አወጡ፤ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ በጣራ ሥር ቆማ ነበርና ሞቃት አየር እየነፉበት አደረቁት። ከዚያ ጉድጓዱን በኢፖክሲ ሞሉት። ኢፖክሲው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ በኋላ መሃል ለመሃል፣ ለቡሎኑ ልክ የሆነች ጠባብ ቀዳዳ በሱ። በሱ፣ ደፈኑ፣ መልሰው በሱ። አሁን ቡሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ መሃል እንጂ በእንጨት መሃል አይደለም። አንድ ቀን ከላይ ውሃ ቢያመልጥ እንኳ የሚበላው አያገኝም።

የቀዳዳዋን አፍ ደግሞ በወፍራም ፑንታ በትንሹ ገለጥ አደረጉት፤ እንደ ስኒ ከንፈር። እኔ ለውበት መስሎኝ ነበር። ውሃ የሚከለክለው ማሸጊያ ሲጫኑት ሁሉም ተጨምቆ እንዳይወጣና ቀለበት ሆኖ በዚያች ጎድጓዳ እንዲቀር ነው።

ማሰሩ ላይ እኔም እጄን አስገባሁ። እሳቸው ከመደቧ ሥር በጀርባቸው ተኝተዋል፤ እኔ ከላይ የቡሎኑን ራስ በመፍቻ ይዣለሁ። «ያዝ ብቻ። አንተ ጋ ምንም እንዳይዞር!» ከታች መዳፍ የምታክል የብረት ሰሌዳ አድርገዋል፤ ጭነቱ በሮንዴላ ስፋት ብቻ እንዳያርፍና ፋይበርግላሱን እንዳይሰብረው። የሚዞረው ዳዶው ብቻ ነው። ቡሎኑ አብሮ ከዞረ በአንገቱ ዙሪያ የተቀመጠውን ማሸጊያ ይቀደዋል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ግን ውሃ መንገዱን አገኘ ማለት ነው። ትንፋሼን ይዤ ነበር። እሳቸው አይቸኩሉም። ቅባት ያስነኩታል፤ ሩብ ዙር፣ ፋታ፣ ሩብ ዙር። ስቴንለስ ከተጣደፉበት ዳዶና ቡሎን ተናክሰው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ መቁረጥ ብቻ ነው።

ብረቱ 316 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨው ይችላል። ሌክ ዩኒየን ጨው የለበትም፤ ለምን ይህን ያህል አልኳቸው። ወደ ምዕራብ ጠቆሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1917 በይፋ በተከፈተው የባላርድ የውሃ በር ያለፈ ጀልባ ከሐይቁ ወደ ባሕሩ ይወጣል። የጀልባዋ ባለቤት በበጋ ባሕሩ ላይ ወዳሉት ደሴቶች ትሄዳለች።

መቀበያዎቹ ታንኳዋ ላይ የሚጣበቁበት ማስቲሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። የታንኳ ጎማ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ ፒቪሲና ሃይፓሎን። የአንዱ ማስቲሽ ለሌላው አይሆንም። ጋሼ በማይታይ ጥግ ላይ ማሟሟያ የነካ ጨርቅ አሽተው በጣታቸው ነኩት፤ ተለጠፈባቸው። ፒቪሲ ነው። ያን ቀን ግን ሲዘንብ ዋለና ጣሳውን ሳይከፍቱት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዝናቡ እኛን አላገኘንም፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግን ማስቲሹ ላይ ያርፋል። ሁለት ቀን ጠበቁ። መቀበያዎቹ የሚያርፉበትን ምልክት ያደረጉት ታንኳዋ ጥርቅም ብላ ተነፍታ ሳለ ነው፤ የረገበ ጎማ ላይ የተሰመረ መስመር ሲነፉት ይንሻፈፋልና። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ጠረጉ፣ ቀቡ፣ አደረቁ፣ ደግመው ቀቡ። ከተለጠፈ በኋላ በአውራ ጣታቸው ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ አንዲት የአየር እብጠት ሳያስቀሩ አስወጡ። አንዱ መቀበያ ከሌላው በጣት ስፋት ቢዛነፍ ታንኳዋ ስትነሳ ትጠመዘዛለች፤ መጠምዘዟ በየማዕበሉ ማስቲሹን ይልጣል።

ጀልባዋ ወደ ውሃ ከመመለሷ በፊት በነበረው ምሽት በመያዣዎቹ ዙሪያ ትንሽ ግድብ ሠርተው ውሃ ሞሉበት፤ አሳደሩት። ጠዋት በእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ሶፍት እየጠቀጠቁ አወጡ። አራቱንም ብርሃን ላይ ያዟቸው። ደረቅ ነበሩ።

ባለቤቷ ብቻዋን የምትጓዝ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ሐይቁ ላይ መጀመሪያ የታንኳዋን ሞተር አወጣች፤ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞተሮች ከ13 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናሉና ታንኳዋ ስትቆም አብረው አይንጠለጠሉም። ሁለቱን መያዣዎች ቆለፈች፤ ገመዱን በአንድ እጇ ሳበች። ታንኳዋ ተነሳች፤ ውስጧ ያደረው የዝናብ ውሃ በጎኗ ተንዠቀዠቀ። ጣና ዳር ከደንገል የምትሠራዋም ታንኳ ከውሃ ስትወጣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ቀጥ አድርገው ነው የሚያቆሟት። ጋሼም ይህን ሳያስቡ አልቀሩም፤ «ታንኳ ቆማ ነው የምትደርቀው» አሉ ለራሳቸው።

አንድ ነገር ቀርቷቸዋል። የጀልባ የኋላ ነጭ መብራት በ135 ዲግሪ ክልል ውስጥ መታየት አለበት፤ የቆመች ታንኳ ደግሞ ትጋርደዋለች። አስቀድመው መብራቱን ረዘም ባለ ዘንግ ላይ አውጥተውታል፤ ግን ካላዩ አያምኑም። ሲመሽ ባለቤቷ መብራቱን አበራች። ጋሼ ከኋላችን ባለው ረጅም የእንጨት መተላለፊያ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በዝግታ ሄዱ፤ በየጥቂት እርምጃው እየቆሙ፣ ዝቅ እያሉ፣ በአንድ ዓይናቸው እያዩ። ተመልሰው እንደገና ሄዱ። ከወዲያኛው ጫፍ እጃቸውን አነሱልን።